ሳይቃጠል በቅጠል፦ በፈጣን የፖከር ውድድር ትዕግስት ለምን አያዋጣም

ጥያቄ፦ «ካዚኖ ውስጥ የሚደረጉ መግቢያቸው አነስተኛ የሆነ የቴክሳስ ሆልደም ውድድሮች ላይ መጫወት ከጀመርኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ብላይንዱ፣ ማለትም በየእጁ ሁለት ሰው ካርታ ሳያይ በግዴታ የሚያስገባው ውርርድ፣ በየ15 ደቂቃው ይጨምራል። እኔ ጥሩ ካርታ እስኪመጣልኝ በትዕግስት እጠብቃለሁ፤ ተራ ካርታ አልጫወትም። አብዛኛውን ጊዜ ግማሹ ተወዳዳሪ እስኪወጣ እቆያለሁ። ከዚያ ቺፔ ተመናምኖ የቀረችኝን በማይረባ ካርታ አስገብቼ እሰናበታለሁ። ጓደኛዬ ‹ይሄ እኮ ሎተሪ ነው፤ ገና ከመጀመሪያው ሁሉንም አስገባ፣ ከተሸነፍክ ድጋሚ ትገዛለህ› ይለኛል። ያነሰኝ ትዕግስት ነው ወይስ ዕድል? ድጋሚ መግዛትስ ያዋጣል?»

ምላሽ፦ ትዕግስትማ በዝቶብሃል። ጓደኛህም ተሳስቷል፣ ወደ እሱ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ያንተን ችግር እንቁጠረው። መቁጠር ስል የምሬን ነው፤ ወረቀት አውጣ።

ካዚኖ ውስጥ ካርታ የሚያድለው ሰው ነው። ይበውዛል፣ ያድላል፣ ቺፕ ይቆጥራል። አንዱ ተጫዋች ደግሞ ካርታውን ሦስቴ እየገለጠ ያስባል። በዚህ ሁሉ መሃል በሰዓት 30 እጅ (አንድ እጅ ማለት ካርታው አንዴ ታድሎ የሚጠናቀቅ ጨዋታ ነው) ከታደለ ጥሩ ነው። በ15 ደቂቃ ውስጥ የምታየው እንግዲህ 7 ወይም 8 እጅ ነው። ጠረጴዛው ላይ 9 ሰው ካለ፣ ብላይንዱ አንድ ሙሉ ዙር ሳይዞር ይጨምራል።

አሁን 10,000 ቺፕ ይዘህ ጀመርክ እንበል። ብላይንዱ 100/200 ላይ (ትንሹ 100፣ ትልቁ 200) ይነሳል፤ ከዚያ 200/400፣ 300/600፣ 400/800፣ 600/1,200፣ 1,000/2,000 እያለ ይሄዳል። ትልቁን ብላይንድ የሚከፍለው ሰው የጠረጴዛውን አንቴ፣ ማለትም ሌላውን የግዴታ ውርርድ፣ በዚያው መጠን ይጨምራል። ስለዚህ እያንዳንዱ ዙር ሁለት ተኩል ትልቅ ብላይንድ ያስወጣሃል። ከዚህ በኋላ ትልቁን ብላይንድ በአጭሩ «ቢግ» እለዋለሁ።

አንድም ካርታ ሳትጫወት ቁጭ አልክ። አምስተኛው ደረጃ (ደረጃ ብላይንዱ ሳይጨምር የሚቆይበት 15 ደቂቃ ነው) ሲያልቅ 75 ደቂቃ ሆኗል፣ 37 እጅ ገደማ አይተሃል። ተራው አራት ጊዜ ደርሶህ ለምሳሌ በአንደኛው፣ በሁለተኛው፣ በአራተኛውና በአምስተኛው ደረጃ ላይ ከፍለሃል። 500፣ 1,000፣ 2,000 እና 3,000፤ ድምሩ 6,500። የቀረህ 3,500 ነው፤ ብላይንዱ ደግሞ 1,000/2,000 ገብቷል። ሁለት ቢግ እንኳ አይሞላም። ማንም አላሸነፈህም፣ ማንም አልነካህም። የበላህ ሰዓቱ ነው።

በዚያ 37 እጅ ውስጥስ ምን ልታገኝ ትችል ነበር? የምትጠብቀው ካርታ ጥንድ ኤስ፣ ጥንድ ኪንግ፣ ጥንድ ኩዊን ወይም ኤስ-ኪንግ ነው እንበል። ለእያንዳንዱ ሰው የሚታደለው ሁለት ካርታ 1,326 ዓይነት አመጣጥ አለው፤ ከዚያ ውስጥ እነዚህ 34 ብቻ ናቸው። ከ39 እጅ አንዱ ማለት ነው። በ37 እጅ ውስጥ አንድም ሳይመጣልህ የሚያልፍበት ዕድል 38 በመቶ ገደማ ነው። ቢመጣም ደግሞ አንድ ሰዓት ሙሉ ዝም ያልክ ሰው ድንገት ከፍ ስታደርግ ሁሉም ካርታውን ይጥላል። ብላይንዷን ለቅመህ ቁጭ ነው።

ስለዚህ «ጥሩ ካርታ ጠብቅ» የሚለው ምክር መጥፎ ሆኖ አይደለም። የተሰጠው ለሌላ ጨዋታ ነው። ደረጃው አንድ ሰዓት በሚቆይበትና በ200 ቢግ በሚጀመርበት ውድድር መጠበቅ ያዋጣል፤ ጊዜ አለህ። አንተ ያለህበት ውድድር ላይ ግን መጠበቅ በራሱ ኪራይ አለው፤ ኪራዩ ደግሞ በየሩብ ሰዓቱ ይጨምራል።

ከዛሬ ጀምሮ ቺፕህን በቁጥሩ አትመልከት። 18,000 ቺፕ ትልቅ ክምር ይመስላል፤ ብላይንዱ 1,000/2,000 ከሆነ ግን 9 ቢግ ነው፣ አደጋ ላይ ነህ። ሁልጊዜ ለቢጉ አካፍል። ደረጃ በተቀየረ ቁጥር እንደገና አካፍል። በብዙ ጠረጴዛዎች ላይ ይህን የማያደርገው ሰው ከሚያደርገው ይበልጣል፤ ያንተም ትርፍ የሚመጣው ከዚያ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ደረጃዎች በፍጥነት ልለፋቸው። እዚያ ላይ ብላይንዱ ገና ርካሽ ነው፣ ሰው ሁሉ ደግሞ ካርታ ማየት ያምረዋል። አራት አምስት ሰው ብላይንዱን ብቻ እየከፈለ ይገባል። ጥሩ ካርታ ሲኖርህ በሰፊው አስከፍላቸው። ሦስት ቢግ፣ በላዩ ላይ ዝም ብሎ ለገባው ለእያንዳንዱ አንድ ቢግ ጨምር። ጥንድ ከሠራህ በኋላ በደንብ ተወራረድ፤ ይከፍሉሃል። ብለፍ፣ ማለትም ሳይኖርህ እንዳለህ ማስመሰል፣ ግን ተው። ካርታ መጣል የማይወድን ሰው ልታስፈራራው አትችልም። ብዙ ብልጥ ነኝ ባይ በዚህ ሰዓት የሚወጣው፣ ምንም የሌለው ሆኖ ሳለ በሁለተኛ ጥንድ እስከ መጨረሻው የሚከፍልን ሰው ሊያሳምን ሲሞክር ነው።

ዋናው ጨዋታ የሚጀምረው ከ25 ቢግ በታች ስትወርድ ነው። በዚህ ዓይነት ውድድር ሁሉም ይወርዳል። 60 ሰው ገብቶ በጠቅላላ 600,000 ቺፕ አለ እንበል። ዘጠኝ ሰው ሲቀር የአንዱ አማካይ 66,000 አካባቢ ነው። በዚያ ሰዓት ቢጉ 6,000 ከሆነ አማካዩ ሰው ያለው 11 ቢግ ብቻ ነው። መሪውም ቢሆን የሚዝናናበት ቺፕ የለውም። እንግዲህ ብዙ ቺፕ ይዘህ ተረጋግተህ የምትጫወትበት ጊዜ ይመጣል ብለህ አትጠብቅ፤ አይመጣም።

ከ25 እስከ 12 ቢግ ባለው ክልል መሣሪያህ ወንበርህ ነው። በተኑ (የአዳይነት ተራ የማን እንደሆነ የሚያሳየው ምልክት) ፊትህ ሲሆን ወይም ከበተኑ በፊት ያለው ወንበር ላይ ስትሆን፣ ከአንተ በፊት ያሉት ሁሉ ከጣሉ፣ በሁለት ወይም በሁለት ተኩል ቢግ ክፈት፤ መክፈት ማለት ቀድሞ ውርርዱን ከፍ ማድረግ ነው። ካርታው ድንቅ መሆን የለበትም፤ ደህና ኤስ፣ ሁለት ትልልቅ ካርታ፣ ማንኛውም ጥንድ፣ ምልክታቸው አንድ ዓይነት የሆነ ተከታታይ ካርታዎች ይበቃሉ። መሬት ላይ፣ ማለትም ጠረጴዛው መሃል፣ ያለው የብላይንዱና የአንቴው 2.5 ቢግ ነው። በአንድ ዙር አንዴ ብቻ ብትወስደው ለዙሩ የከፈልከውን መለስክ። በአንድ ዙር ሁለቴ ከወሰድክ ሰዓቱን እየቀደምክ ነው። ፍሎፕ (ጠረጴዛው ላይ መጀመሪያ የሚገለጡትን ሦስት የጋራ ካርታዎች) ለማየት ብቻ ከፍሎ መግባት ግን በዚህ ክልል ይቅርብህ። 18 ቢግ ይዘህ 2 ቢግ ከፍለህ ገብተህ ስትጥል፣ ከዘጠኝ አንዱን በትነሃል።

ሌላው ጥሩ ነገር በሌላው ሰው መክፈቻ ላይ መግፋት፣ ማለትም ያለህን ቺፕ ሁሉ ማስገባት ነው። 15 ቢግ አካባቢ ይዘህ፣ ብዙ የሚከፍት ሰው ከበተኑ ወንበር ከፍ ሲያደርግ፣ ኤስ-10 ወይም ጥንድ 7 ይዘህ ሙሉውን ብትገፋ ብዙ ጊዜ ይጥላል። ሰውየውን ምረጥ እንጂ። ቅድም ያልኩት ካርታ የማይጥለው ሰው ላይ ይሄንን አትሞክር።

ከ12 ቢግ በታች ስትሆን ምርጫው ሁለት ነው፤ ወይ ሙሉውን ትገፋለህ፣ ወይ ትጥላለህ። መሃል የሚባል የለም። አንድ ምሽት አጠገቤ የተቀመጠ ሰው 9 ቢግ ነበረው። ኤስ-ኩዊን መጣለት፤ በ3 ቢግ ከፈተ። ከኋላው ያለው ሰው ሙሉውን ገፋበት። ጎረቤቴ ሁለት ደቂቃ ያህል ቺፑን እየደረደረና እያፈረሰ ተጨነቀ፤ ከዚያ ካርታውን ጣለ። «ጥንድ ኪንግ ሸቶኛል» አለኝ። አስበው እስቲ። መሬት ላይ የሱ 3፣ የሌላው ሰው 9፣ ብላይንዱና አንቴው 2.5፤ በድምሩ 14.5 ቢግ አለ። እሱ መጨመር ያለበት 6 ነው። ከ20.5 ውስጥ 6፤ 29 በመቶ ያህል የማሸነፍ ዕድል ከበቂ በላይ ነበር። ኤስ-ኩዊን ደግሞ ከጥቂት ከባድ ካርታዎች በቀር ከሁሉም ጋር ከዚያ በላይ አለው። ሰውየው የክምሩን ሲሶ ጥሎ 6 ቢግ ይዞ ቀረ። ከሁለት ዙር በኋላ ወንበሩ ባዶ ነበር። መጀመሪያውኑ ሙሉውን ቢገፋ ኖሮ ያ ጭንቀት አይኖርም፤ ሌላውም ሰው ገና ሳይገባ ያስብበት ነበር።

የመግፋት ጥቅሙ ሁለት መንገድ ስላለው ነው፤ ሁሉም ሊጥሉልህ ይችላሉ፣ ከከፈሉህም ልታሸንፍ ትችላለህ። በቁጥር እንየው። በተኑ ላይ ነህ፣ 8 ቢግ አለህ፣ የያዝከው ምልክታቸው አንድ ዓይነት የሆነ ጃክ-9 ነው። ሁሉም ጥለው ተራው አንተ ጋ ደረሰ። ገፋህ። ከኋላህ ያሉት ሁለቱ ብላይንዶች ከ10 ጊዜ 7ቱን ሁለቱም ይጥላሉ እንበል። ያኔ 2.5 ቢግ ታገኛለህ። በቀሩት 3 ጊዜያት ትልቁ ብላይንድ ከፈለህ፤ ከሱ ካርታ ጋር ስትገጥም 35 በመቶ ብቻ ዕድል አለህ ብለን እንቀንሰው። ያኔ በአማካይ 1.9 ቢግ ያህል ትከስራለህ። ሁለቱ ሲደመሩ እያንዳንዱ መግፋት በአማካይ 1.2 ቢግ ያህል ያተርፍልሃል። ደካማ በሚባል ካርታ፣ በተከፈልክ ቁጥር ተበላጭ ሆነህ ገብተህ፣ አሁንም ታተርፋለህ። ኪሳራ ውስጥ የምትገባው ሁለቱም የሚጥሉበት ጊዜ ከ43 በመቶ በታች ሲወርድ ነው።

አሁን ይህንኑ በ2 ቢግ ሞክረው። ማን ይጥልልሃል? አንድ ቢግ ብቻ ጨምሮ ሊያይህ የሚችል ሰው ዓይኑን ሳያሽ ይከፍላል። አንተ ታዲያ እስካሁን ስትገፋ የነበረው በዚህ ሰዓት ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው። የመጨረሻዋን «በማይረባ ካርታ» ያስገባሃት ካርታው ስለከዳህ አይደለም፤ 10 ቢግ እያለህ ልትገፋባቸው የሚገቡ አራት አምስት አጋጣሚዎች አልፈውህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ። ካርታው ምን ያህል ይበቃል የሚለውን የሚወስነው ከኋላህ ያለው ሰው ብዛት ነው። እያንዳንዱ ሰው ከ10 እጅ አንዱን ብቻ ይከፍላል ብንል፣ ከኋላህ ሁለት ሰው ካለ ቢያንስ አንዱ የሚከፍልበት ዕድል 19 በመቶ ነው። ስምንት ሰው ካለ 57 በመቶ ይሆናል። ስለዚህ ያ ጃክ-9 በተኑ ላይ የሚገፋ ሲሆን፣ መጀመሪያ ተናጋሪ ወንበር ላይ ግን በ8 ቢግም ቢሆን ይጣላል። ከፊት ወንበር ላይ ስትገፋ ደህና ጥንድ ወይም ጠንካራ ኤስ ይኑርህ። ደግሞም ከመግፋትህ በፊት ወደ ግራህ ተመልከት። በካዚኖ ጠረጴዛ ላይ ብዙ ሰው ተራው ሳይደርስ ካርታውን አይቶ ለመጣል ያዘጋጃል፤ በሁለት ጣት አንጠልጥሎት ይጠብቃል። ሌላው ደግሞ ካርታውን አይቶ ቺፕ ይደርብበትና ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ይስባል። ይህን መረጃ በነፃ ነው የሚሰጡህ።

ሁለተኛው ማሳሰቢያ መክፈል፣ ማለትም ሌላው ያስገባውን ያህል አስገብቶ መግጠም ላይ ነው፤ ብዙ ሰው «ጠንከር ብለህ ተጫወት» ሲባል ይሄን ያበላሻል። የሚገፋው ሰው ሁለት መንገድ አለው ብያለሁ። የሚከፍለው ግን አንድ ብቻ ነው፤ ካርታው ማሸነፍ አለበት። ስለዚህ ራስህ በምትገፋበት ካርታ ሌላ ሰው ሲገፋብህ አትክፈል። ኪንግ-10 ይዘህ ከፊት ወንበር የገፋን ሰው ለማየት 12 ቢግ ማውጣት ትርፍ የለውም። ልዩነቱ የገፋው ሰው ክምር በጣም ትንሽ ሲሆንና አንተ ትልቁን ብላይንድ ከፍለህ ስትቀመጥ ነው። ትንሹ ብላይንድ 5 ቢግ ይዞ ቢገፋብህ፣ የምትጨምረው 4፣ መሬት ላይ ያለው 7 ነው። 36 በመቶ ይበቃሃል። ያገኘውን ሁሉ የሚገፋ ሰው ከሆነ ደግሞ አብዛኛው ካርታህ ከዚያ በላይ ነው። ያኔ መጣል ነው ስህተቱ።

ወደ ጓደኛህ እንምጣ። ሎተሪ ነው ያለው ግማሽ እውነት አለው። አምስት ጊዜ ሙሉውን ገብተህ፣ አምስቱንም ጊዜ 80 በመቶ በላጭ ብትሆን እንኳ አምስቱንም የማሸነፍ ዕድልህ 33 በመቶ ነው። እኩል በእኩል በሆነ ፍልሚያ ሦስት ጊዜ ማለፍ ደግሞ 12.5 በመቶ። ማንም አዋቂ ይህን አያመልጥም። ከ100 ውድድር 15ቱ ላይ ሽልማት ውስጥ የሚገባ ደህና ተጫዋች፣ 20 ውድድር በተከታታይ ባዶ እጁን የሚወጣበት ዕድል 4 በመቶ አካባቢ ነው፤ 10 በተከታታይ ደግሞ 20 በመቶ። ስለዚህ የአንድ ወር ውጤት ስለ ችሎታህ ምንም አይነግርህም። ጓደኛህ የሳተው መድኃኒቱን ነው። ዕድል አለበት ማለት ገና በ50 ቢግ ሁሉንም አስገባ ማለት አይደለም። በ50 ቢግ 2.5 ቢግ ለመስረቅ 50ውን መወርወር፣ የሚከፍልህ የሚያሸንፍህ ብቻ የሆነ ውርርድ ነው።

ድጋሚ መግዛት ላይ የምትጠይቀው ጥያቄ «ስንት ቢግ እየገዛሁ ነው?» የሚለው ነው። በሁለተኛው ደረጃ፣ በ200/400 ላይ ስትገዛ 10,000 ቺፕህ 25 ቢግ ነው፤ ደህና ነው። በአምስተኛው ላይ ያው ዋጋ 8 ቢግ ይሰጥሃል፤ እኔ አልገዛም። በዕረፍት ሰዓት የሚሸጠው ጭማሪ ቺፕ፣ ማለትም አድ-ኦን፣ በአብዛኛው ለያንዳንዱ ቺፕ ከመግቢያው ይረክሳል፤ ከሆነ ውሰድ። መግቢያ ላይ ለሠራተኞች በሚል በትንሽ ክፍያ ተጨማሪ ቺፕ የሚሰጥ ከሆነም አትለፈው። እንዲህ ያሉትን የማይወስድ ሰው ከጎረቤቱ አንሶ ነው የሚጀምረው። በጀትህን ስታወጣ እንግዲህ መግቢያውን ብቻ አትቁጠር፤ መግቢያ፣ አንድ ድጋሚ ግዢ እና አድ-ኦን በአንድ ላይ የምሽቱ ዋጋ ናቸው። ተናደህ የምትገዛው ሦስተኛው ግን ለጨዋታ ሳይሆን ለንዴትህ የምትከፍለው ነው። ቁጥሩን ከመሄድህ በፊት ወስን፤ ጠረጴዛ ላይ የሚወስነው ሌላ ሰው ነው።

አሁን ማንም የማይወደው ነገር። በአነስተኛ ውድድር ላይ ቤቱ የሚቆርጠው በመቶኛ ሲታይ ከትልልቆቹ ይበልጣል። ከ100 ውስጥ 20 ወይም 25 መቁረጥ የተለመደ ነው። 25 ከተቆረጠ ለሽልማት የሚቀረው 75 ነው። መካከለኛ ተጫዋች በየውድድሩ ሩቡን ይከስራል። አንተ ላለመክሰር ብቻ ከአማካዩ ሰው አንድ ሦስተኛ ያህል የበለጠ ማግኘት አለብህ። ይሄንን ደካማ ጠረጴዛ ላይ ማድረግ ይቻላል፤ ኑሮ የሚወጣበት ግን አይደለም። እንጀራህ ያለበትን ገንዘብ እዚያ አታስገባ። ቀጣዩ ውድድር ያለፈውን ያስመልስልኛል እያልክ ከሆነ የምትሄደው፣ ለዚያ ስትራቴጂ የለኝም፤ ቁም ነው የምልህ።

ሽልማቱ ሊጀምር አንድ ሁለት ሰው ሲቀር ጨዋታው ይቀየራል። ቺፕና ገንዘብ አንድ አይደሉም። ሦስት ሰው ቀርቷል፣ ሽልማቱ 50፣ 30 እና 20 በመቶ ነው እንበል። የቺፑን ግማሽ የያዘው ሰው የገንዘቡ ግማሽ አለው? የለውም። ሲሰላ ድርሻው 38 በመቶ አካባቢ ነው፤ ሩብ ሩብ የያዙት እያንዳንዳቸው 31 በመቶ ያህል አላቸው። የምታሸንፈው ቺፕ ከምታጣው ቺፕ ያነሰ ዋጋ አለው። ለዚህ ነው በዚህ ሰዓት መክፈልን ይበልጥ የምታጠብበው። መግፋትን ግን አትቀንስ፤ ሌሎቹም ይህንኑ ፈርተው ይጥላሉና። በተለይ መካከለኛ ክምር የያዙትን ግፋ። ሁለት ቢግ የቀረውን ሰው ተወው፤ እሱ የሚያጣው ስለሌለ ይከፍልሃል። ትንሿን ሽልማት ለማግኘት ብለህ ግን ክምርህን እስክትጨርስ አትደበቅ፤ ገንዘቡ ያለው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቦታዎች ላይ ነው።

መጨረሻ ጠረጴዛ ላይ «እንካፈል» የሚል ይመጣል። አማካዩ 8 ቢግ ከሆነ መስማማቱ አያሳፍርም። ብዙ ቺፕ የያዘው ሰው በቺፕ ብዛት እንካፈል ካለ ግን ልብ በል፤ አሁን እንዳየነው ያ ስሌት ለሱ ያደላል።

የጠረጴዛ ሥርዓትም ቺፕ ያስከፍላል። በአብዛኛው ቤት ትልቅ ዋጋ ያለው አንድ ቺፕ ምንም ሳትናገር ብትወረውር ከፍ እንዳደረግህ አይቆጠርም፤ ከፈልክ ብቻ ነው። ልትጨምር ከፈለግክ መጀመሪያ በአፍህ ተናገር። የተናገርከው ይጸናል። ቺፕ በሁለት ጊዜ ከፋፍለህ ብታስገባ ሁለተኛውን ይመልሱብሃል። ደግሞ አትንቀራፈፍ። በአንድ ደረጃ 8 እጅ ብቻ ባለበት ጨዋታ፣ የሚጣል ካርታ ይዞ የሚያስበው ሰው ያንተንም የመስረቅ ዕድል ነው የሚበላው።

የምመክርህ እንግዲህ ይሄ ነው። ጓደኛህን አትስማ፤ ትዕግስትህን ደግሞ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ደረጃዎች ብቻ አስቀምጠው። ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ ዙር ቢያንስ አንዴ ብላይንድ ስረቅ፤ 12 ቢግ ላይ ስትደርስ ማሰብህን ትተህ መግፋት ጀምር፤ ከ6 በታች ሳትገፋ አትውረድ። የመምረጥ ዕድል ካለህም በ50 ቢግ ከሚጀመረው 100 የሚሰጠውን፣ ከ15 ደቂቃው 20 ደቂቃውን ምረጥ። በሚቀጥሉት 10 ውድድሮች ስልክህ ላይ አንድ ነገር ብቻ መዝግብ፦ ለመጨረሻ ጊዜ ሙሉውን ስትገፋ ስንት ቢግ ነበረህ? ማሸነፍ መሸነፍህን አትጻፍ። አሁን ያ ቁጥር 2 ወይም 3 ይመስለኛል። 8 እና 10 ሲሆን ጻፍልኝና ስለ መክፈሉ በዝርዝር እንነጋገራለን።